ስልኩን ከማንሳቱ በፊት

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ሥራ የሚያፈላልጉ ብዙ የአዲስ አበባ ወጣቶች መጀመሪያ የሚያገኙት የቢሮ ሥራ የኮል ሴንተር ሥራ ነው። «ሌላ እስካገኝ» ብለው ይገቡበታል፤ ሥልጠናውንም እንደ ማለፊያ ያዩታል። ይህ አመለካከት ልክ ነው ብዬ አላምንም። ገንዘቡ የጠፋበት ወይም መስመሩ የተዘጋበት ሰው ከአንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ድምፁን የሚሰማው ሰው ያ ስልክ ያነሳው ልጅ ብቻ ነው። ልጁ ምን ተምሮ እዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሁላችንንም ይመለከተናል። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት በሶሺዮሎጂ ተመርቆ በአንድ የጥሪ ማዕከል ሥልጠና ላይ ያለ ወጣትና በዚሁ ሙያ ብዙ ዓመት የሠራች፣ አሁን አዲስ ገቢዎችን የምታሠለጥን አክስቱ ናቸው። የሚሠሩት በተለያየ ድርጅት ነው።

ሠልጣኝ፦ አክስቴ፣ ሳምንቱን ሙሉ አንድም ስልክ አላነሳንም። ጠዋት ስለ ታሪፍና ስለ ጥቅል፣ ከሰዓት ስለ ሲስተሙ፣ ከዚያ ሰላምታ። «እንደምን ዋሉ፣ ምን ልርዳዎት?» እየተባባልን ዋልን። አራት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው ወይ እያልኩ ነው።

አክስት፦ ሰላምታውን ተወው፣ አፍህ ቶሎ ይለምደዋል። ከሰላምታው ቀጥሎ ምን አስተማሯችሁ?

ሠልጣኝ፦ የደንበኛውን ማንነት ማረጋገጥ። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ በቅርቡ የላከው ገንዘብ። እሱ እንኳን ቀላል ነው። ትጠይቂያለሽ፣ ሲስተሙ ላይ ካለው ጋር ታስተያያለሽ፣ አለቀ።

አክስት፦ እስቲ እኔ ደንበኛ ልሁን። የተወለድኩት ታኅሣሥ 12 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው። ሲስተሙ የመዘገበኝ በፈረንጅ ነው እንበል። ስንት ብሎ ይጠብቅሃል?

ሠልጣኝ፦ ስምንት ስጨምርበት 1993።

አክስት፦ ስክሪንህ ግን 1992 ይላል። «ይቅርታ፣ መረጃው አይገጥምም» ብለህ ትሸኘኛለህ፤ እኔ ደግሞ የነገርኩህ እውነቴን ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ነው። ስምንት የሚሆነው ፈረንጆቹ አዲሱን ዓመት ከገቡ በኋላ ነው። ግንቦት ብዬህ ቢሆን ኖሮ ሒሳብህ ልክ ነበር።

ሠልጣኝ፦ ይህን ማንም አልነገረንም።

አክስት፦ ገና ነው። ደንበኛው ደግሞ «ገንዘቡን የላክሁት ማክሰኞ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነው» ይልሃል። ማክሰኞን ስታገላብጥ ብትውል አታገኘውም። ሲስተሙ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር ረቡዕ ብሎ መዝግቦታል። ወይም ደግሞ ሰውየው ማክሰኞ ያለው ሊነጋ ሲል ነው፤ የሰኞ ማታውን ሌሊት ማለቱ ነው። ስለዚህ «የማክሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ የረቡዕ አጥቢያ?» ብለህ ጠይቀው። ይህን ያልጠየቀ ኤጀንት «እንዲህ ያለ ዝውውር የለም» ብሎ ይዘጋል፤ ሰውየውም ተዘረፍኩ ብሎ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል።

ሠልጣኝ፦ ስሙስ? ስም እንኳን አያሳስትም።

አክስት፦ ጽጌሬዳን በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ መዝጋቢ በአንድ መንገድ ይጽፋታል፣ ሌላው በሌላ። «እንዴት ተብሎ ነው የተጻፈው?» ብለህ ስትጠይቃት የምትነግርህ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ነው፤ ሲስተሙ ላይ ያለው ሌላ ነው። ፊደል ቢለያይ ደንበኛዋን ከመመለስህ በፊት በሌላ ጥያቄ አጣራ። እንደዚያ ማድረግ እስከየት እንደሚፈቀድልህ ደግሞ አሁን ሥልጠናው ላይ ሳለህ ጠይቅ። አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሰው ሲስማማ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «ህ» ይላል አይደል?

ሠልጣኝ፦ ሁላችንም እንደዚያ ነን።

አክስት፦ ፊት ለፊት ስትሆን ዓይኑን ታያለህ፣ ትግባባለህ። በስልክ ያ ትንፋሽ ብዙ ጊዜ ሳይሰማ ይቀራል። «መስመርዎ ይዘጋ?» ትላለህ፣ እሱ ትንፋሹን ይስባል፣ አንተ ትዘጋለህ። ነገ «አልተስማማሁም» ቢልና የጥሪው ቅጂ ሲከፈት የሚሰማው ዝምታ ነው። ስለዚህ እንደዚህ ላለው ነገር «እባክዎ፣ አዎ ወይም አይሆንም ብለው ይንገሩኝ» በል። እኔ የማሠለጥናቸውን ልጆች ከሰላምታው ይልቅ በዚህ ላይ ነው የማቆያቸው። ሰላምታ የትም አገር አንድ ነው። ይህ ግን ከውጭ በመጣ መመሪያ ውስጥ አይገኝም፤ እኛው ካልጻፍነው የሚጽፍልን የለም።

ሠልጣኝ፦ እውነት ነው፣ የሰጡን ጽሑፍ ከሌላ ቋንቋ የተመለሰ ነው፤ ስታነቢው ያስታውቃል። ግን ይህ ሁሉ ማጣራት ደንበኛውን አያስመርረውም? «ስልኩ የራሴ፣ ገንዘቡ የራሴ፣ ለምን ትመረምረኛለህ?» ይላል።

አክስት፦ ይላል። እኔ ሥራ ስጀምር የሚደወልልን ካርድ ስለቆረጠ፣ ኔትወርክ ስለጠፋ ነበር። ቢሳሳት የሚጎዳው ትንሽ ነው። በ2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን አመጣ። በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ጀመረ፣ ያ ዓመት ሳያልቅ ደግሞ ኤምፔሳ ተከተለ። ባንኮቹም በየፊናቸው ስልክ ላይ ገቡ። የቀን ሠራተኛው፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ ሁሉም ገንዘቡን ስልኩ ላይ አስቀመጠ። ሌባውም ተከትሎ እዚያው ገባ። አጭበርባሪ ዛሬ የሚደውለው በእኛ አነጋገር ነው፤ «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን የሚገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረው፣ ስክሪፕቱን ከእናንተ በላይ አጥንቶታል።

ሠልጣኝ፦ እና ደንበኛዋ እኔን ከእሱ በምን ትለየኛለች?

አክስት፦ የሚስጥር ቁጥሯን ባለመጠየቅህ። አንተ ሳትጠይቅ ራሷ «ፒኔ ይኸውልህ» ብላ ልትጀምር ትችላለች፤ ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ፣ ስለሚያምኑህ። ያኔ አቋርጣት። ከሥራችን ሁሉ የደንበኛን ንግግር ማቋረጥ የሚገባህ እዚህ ላይ ነው። «እናቴ፣ አይንገሩኝ፤ ለእኔም ለማንም አይንገሩ» በል።

ሠልጣኝ፦ ይህን ነግረውናል፤ አስፈርመውንማል። ሌላም አስፈርመውናል፣ የደንበኛ መረጃ ለማንም አላወጣም ብለን።

አክስት፦ እሱ ፈተናው ከቢሮ ውጪ ነው የሚመጣው። የሰፈር ልጅ መጥታ «ባለቤቴ ከማን ጋር እንደሚደዋወል ብቻ እይልኝ» ትልሃለች። እያለቀሰች ነው። አብራችሁ ያደጋችሁ ልጅ ነች። ምን ትላታለህ?

ሠልጣኝ፦ ... ይከብዳል።

አክስት፦ ይከብዳል፣ ግን አታይም። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ የሰው መረጃ እንዲህ እንዳይዘረገፍ ነው የወጣው። ሕጉ ባይኖርም ደግሞ አስበው፤ አንተ የነገርካትን ይዛ ማታ ቤት ስትገባ የሚሆነውን አታውቅም። አጠገቧ ቁጭ ብለህ አጽናናት፣ ሽማግሌ ፈልግላት። ስክሪኑን ግን አትክፈት። በስምህ የከፈትከው ሁሉ ሲስተሙ ላይ ይቀራል።

ሠልጣኝ፦ እሺ፣ ይህ ገባኝ። ያልተዋጠልኝ ሌላ ነው። አሠልጣኛችን ሰዓት መቁጠሪያ ይዞ ነው የሚቆመው። አማካይ ጥሪ ከስድስት ደቂቃ አይለፍ፣ ዕረፍት 15 ደቂቃ ከሆነ 15 ደቂቃ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ካረፈድሽ ይመዘገባል። ሰው አይደለንም እንዴ?

አክስት፦ ሰዓት መቁጠሪያው ለምን እንደተያዘ ነገራችሁ?

ሠልጣኝ፦ አልነገረንም። «የድርጅቱ ደንብ ነው» ብቻ።

አክስት፦ እዚህ ላይ በአሠልጣኙ አዝናለሁ፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ልጅ በደንቡ አይማረርምና። አግነር ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ የሒሳብ ሰው ነበር፤ በኮፐንሃገን ስልክ ድርጅት ይሠራ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1909 እና በ1917 እ.ኤ.አ. በጻፋቸው ጽሑፎች፣ ስንት ጥሪ ሲመጣ ስንት መስመር እንደሚበቃ የሚሰላበትን መንገድ አወጣ። ዛሬም የጥሪ ማዕከላት ሠራተኛ የሚደለድሉት ከዚያ በመነጨ ስሌት ነው። እስቲ አስላ፤ በሰዓት 100 ጥሪ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል።

ሠልጣኝ፦ 600 ደቂቃ። አንድ ሰው በሰዓት 60 ደቂቃ ስለሚሠራ አሥር ሰው።

አክስት፦ አሥር ሰው ብታስቀምጥ ወረፋው እየረዘመ ይሄዳል እንጂ አያጥርም። ሰው ተራ ጠብቆ አይደውልም፤ አንዴ አምስቱ ባንድ ላይ ይደውላሉ፣ አንዴ ማንም የለም። በዝምታው ጊዜ ያለፈውን ደቂቃ መልሰህ አትጠቀምበትም። በብዙ ማዕከል የተለመደው ግብ ከመቶ ጥሪ ሰማንያውን በ20 ሰከንድ ውስጥ ማንሳት ነው። በኤርላንግ ስሌት ለዚህ 14 ሰው ያስፈልግሃል። አሥራ አራት ከሆኑ ከመቶው 86 ያህሉ በሰዓቱ ይነሳል። አንዱ ከወንበሩ ሲጠፋና አሥራ ሦስት ሲሆኑ ወደ 76 ይወርዳል።

ሠልጣኝ፦ በአንድ ሰው?

አክስት፦ በአንድ ሰው። ያች ያረፈድካት ዕረፍት መስመር ላይ ለቆሙት እንደዚህ ነች። ይህን ካወቅህ ዕረፍትህን በሰዓቱ ትጨርሳለህ። ግን ስሌቱ ለአለቆችም ነው፤ አሥር ሰው ቀጥረው የአሥራ አራቱን ሥራ ከጠበቁ ጥፋቱ የልጆቹ ፍጥነት አይደለም። ሱፐርቫይዘር ሆኜ ስሠራ በዚህ ቁጥር ተከራክሬ ሰው አስቀጥሬያለሁ። ስድስት ደቂቃውም አማካይ ነው። አንዱን ጥሪ በሁለት ደቂቃ ትጨርሳለህ፣ ገንዘብ የጠፋባት ሴት ጋ አሥራ ሁለት ትቆያለህ። እያንዳንዱን ጥሪ ስድስት ላይ ለመቁረጥ የሚጣደፍ ልጅ ያልተፈታ ችግር ነው መልሶ የሚልከው። ያው ሰው ከሰዓት በኋላ እንደገና ይደውላል፣ 100 የነበረው ጥሪ 120 ይሆናል።

ሠልጣኝ፦ እኔ ግን ከደቂቃው በላይ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አርሊ ሆክሽልድ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር በ1983 እ.ኤ.አ. የጻፈችውን መጽሐፍ አንብበናል። የዴልታ አየር መንገድ አስተናጋጆችን አጥንታ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ስሜታቸውን ለሥራው እየገሩ ነው አለች። ፈገግታቸው የድርጅቱ ይሆናል፤ እያደር የራሳቸው የትኛው እንደሆነ ይጠፋቸዋል። አሠልጣኛችን «ስታወሩ ፈገግ በሉ፣ በድምፃችሁ ይሰማል» ሲለን እሷ ትዝ አለችኝ።

አክስት፦ ልክ ነች። በሥራው ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ከሺፍት ወጥቼ ቤት ስገባ እናትህ ስትጠራኝ መመለስ ያቃተኝ ጊዜ ነበር። ስድብ የሰማህበት ቀን ደግሞ ይብሳል፤ ተሳዳቢው የሚሳደበው ድርጅቱን ነው፣ ጆሮው ግን የአንተ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ፈገግታ አይመስለኝም። ቅር እያለህ የውሸት ደስታ ብታሰማ ትደክማለህ፣ ደንበኛውም ያውቅብሃል። እኔ የማስተምረው በረጋ ድምፅ፣ በቀስታ፣ በግልጽ መናገርን ነው። እርጋታ ስሜት አይደለም፣ አነጋገር ነው፤ ተከፍተህም ቢሆን ልትይዘው ትችላለህ፣ ሥራ ስታበቃም ትተኸው ትወጣለህ። ከመጥፎ ጥሪ በኋላ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ጠይቅ። የማይሰጥህ ሱፐርቫይዘር ካለ ስህተቱ የእሱ ነው።

ሠልጣኝ፦ የሚያለቅስ ደንበኛ ሲመጣስ? ማጽናናት የለብኝም?

አክስት፦ ና እንሞክረው። እኔ አትክልት ነጋዴ ነኝ። 3,500 ብር ለአከፋፋዩ ልልክ ስል አንዲት ቁጥር ስቼ ለማላውቀው ሰው ላክሁ። ነገ ሽንኩርት የምገዛበት ገንዘብ ነው። «ልጄ፣ ልጆቼን ምን ላብላቸው?» እያልኩህ ነው።

ሠልጣኝ፦ «አይዞዎት እናቴ፣ ምንም ችግር የለውም፣ ይመለስልዎታል።»

አክስት፦ ማን ነው የሚመልሰው?

ሠልጣኝ፦ የሚመለከተው ክፍል።

አክስት፦ ተቀባዩ አውጥቶ በልቶት ቢሆንስ? አንተ ይህን ታውቃለህ?

ሠልጣኝ፦ አላውቅም። ግን እያለቀሰች እንዴት «አላውቅም» እላታለሁ?

አክስት፦ ሥልጠናው ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ያገራችን ሰው ለተቸገረ «ይሆንልሃል» ማለት ይቀናዋል። ለቅሶ ቤት፣ ሆስፒታል፣ በርኅራኄ ነው የምንለው፣ የሚሰማውም እንደ ምርቃት ነው የሚቀበለው። ከጥሪ ማዕከል ወንበር ላይ ስትለው ግን ድርጅቱ ነው ቃል የገባው። ያች ሴት ስልኩን ዘግታ «ይመለሳል ብለውኛል» ትላለች። ከጎረቤት ልትበደር ያሰበችውን ትተዋለች። ዕቁቧን አስቀድማ ልትጠይቅ ትችል ነበር፣ አትጠይቅም። ነገ ትጠብቃለች፣ ከነገ ወዲያም ትጠብቃለች። አንተ አጽናንቻት ያልከው ሦስት የገበያ ቀን አስቀረባት።

ሠልጣኝ፦ ታዲያ ምን ልበላት?

አክስት፦ «እናቴ፣ ገንዘቡ የገባበትን ቁጥር አይቼዋለሁ። ጥያቄዎን መዝግቤ ለሚያጣራው ክፍል አሁን ልኬዋለሁ። እኔ ከዚህ ሆኜ ልመልሰው አልችልም። ተቀባዩ ካላወጣውና ከተስማማ ሊመለስ ይችላል፤ አውጥቶት ከሆነ ላይገኝ ይችላል። የደረሰበትን ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ደውለን እንነግርዎታለን። እስከዚያ በዚህ ገንዘብ ባይተማመኑ ይሻላል።»

ሠልጣኝ፦ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጭካኔ ትመስላለች።

አክስት፦ በረጋ ድምፅ በላት፣ አትቸኩል። ታለቅስ ይሆናል፣ ትቆጣህ ይሆናል። ከዘጋች በኋላ ግን ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። ዛሬ ማታ ትበደራለች ወይስ አትበደርም የሚለውን የምትወስነው እሷ እንጂ አንተ አይደለህም፤ ለመወሰን ደግሞ እውነቱን ማወቅ አለባት።

ሠልጣኝ፦ ጥሪ የሚገመግሙት ኳሊቲዎቹ ግን «ርኅራኄ አላሳየም» ብለው ነጥብ ቢቀንሱብኝስ?

አክስት፦ ከቀነሱብህ ቅጂው ይከፈት በል። በሙከራ ላይ ነኝ ብለህ አትፍራ። በነገራችን ላይ፣ ውልህን አንብበኸዋል?

ሠልጣኝ፦ ፈረምኩ እንጂ...

አክስት፦ አንብበው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መስፈር አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀን በላይም አይሄድም፤ የሚቆጠረውም ከተቀጠርክበት ቀን ጀምሮ ነው። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሕጉ በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር የሌላው ሠራተኛ መብት አለው። ሥልጠናውን ከቅጥር በፊት አድርገው ጽፈውት እንደሆነ እይ፤ ከሆነ ያለ ደመወዝ ሊያልፍህ ይችላል። የሌሊት ሺፍት ሲደርስህ ሰርቪስ እስከ የት እንደሚያደርስህም ጠይቅ። ከመደበኛው ሰዓት በላይ ከምሽቱ አራት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ባለው ከሠራህ የሰዓት ክፍያህ በ1.75 ይባዛል። ሄድሴቱንም ድምፁን ዝቅ አድርገህ ጀምር፣ ውኃ አጠገብህ አይጥፋ።

ሠልጣኝ፦ ሰኞ ከነባር ሠራተኛ ጎን ተቀምጠን እናዳምጣለን፣ ማክሰኞ ጥሪ እናነሳለን ብለዋል። ሳዳምጥ ምን ልብ ልበል?

አክስት፦ ጥሪው ካለቀ በኋላ የሚጽፉትን እይ። ጥሩ ኤጀንትና መጥፎ ኤጀንት እዚያ ላይ ይለያሉ። ያችን ነጋዴ አሁን ጻፋት እስቲ።

ሠልጣኝ፦ «ደንበኛዋ በስህተት ገንዘብ ልካለች፤ በጣም ተጨንቃለች፤ ለሚመለከተው ክፍል ተልኳል።»

አክስት፦ ነገ ሌላ ልጅ ይህን ከፍቶ ምን ይላታል? እንደገና ከመጀመሪያው ያስተርካታል። መጨነቋን ሳትጽፈውም ይገባዋል። ለስንት ብር፣ መቼ፣ ወደ የትኛው ቁጥር፣ ምን ነገርካት፣ ቀጥሎ ማን ምን ያደርጋል?

ሠልጣኝ፦ «3,500 ብር፣ ሰኞ ከቀኑ 8:20 ላይ፣ በአንድ አኃዝ ስህተት ለማታውቀው ቁጥር ልካለች። ልትልክለት ያሰበችው ቁጥርና ገንዘቡ የገባበት ቁጥር ተመዝግበዋል። እንደሚመለስ ቃል አልተገባላትም፤ ላይገኝ እንደሚችል ተነግሯታል። ውጤቱ ሐሙስ ከቀኑ 10:00 በፊት በስልክ ይነገራታል።»

አክስት፦ ጎበዝ። ሲስተሙ ሌላ አቆጣጠር ከያዘ ሰዓቱን በሁለቱም ጻፈው። ሐሙስ ማን ነው የሚደውልላት?

ሠልጣኝ፦ እኔ።

አክስት፦ ሐሙስ ሥራ ላይ ነህ?

ሠልጣኝ፦ ቆይ... ሐሙስ ዕረፍቴ ነው።

አክስት፦ እንግዲያው የሚደውልላትን ሰው ጠይቀህ፣ እሺ ሲልህ ስሙን እዚያው ላይ ጻፍ።